ሁለቱ የወይራ ጉማጆች

ገበያው የሚባለው ባለመኪና ከገዛ መኪናው ስር ሞቶ ሲገኝ የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ሰው ለመፍረድ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። ገዳይዋ ሚስቱ ይርገዱ ናት ተባለ። ሆን ብላ ሳይሆን ባለማወቋ። መኪናዋን በክሪክ ያነሳችውም፣ ድጋፍ ያስገባችውም እሷ ናትና።

ኢንስፔክተር ማስተዋል ከአንድ ፖሊስ ጋር ከወረታ ስትደርስ አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ተወስዷል። አሮጌዋ ፒካፕ ግን ኋላዋ መሬት ላይ እንደተኛ ነው። ከስሯ፣ በተነጠፈው የሩዝ ገለባ ላይ፣ የተፈረካከሰ ብሎኬት ይታያል። ኢንስፔክተሯ ሳታመነታ ጭቃው ላይ ተንበረከከችና ገለባውን በእጇ ገለጥ አደረገች።

«ብሎኬት አላስገባሁም!» አለች ይርገዱ። «ውስጡ ክፍት ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት ይፈረካከሳል። ያስተማረኝ ራሱ ገበያው ነው። ለፊቱ ጎማ በድንጋይ ታኮ አደረግሁ። ጭቃው ዋልካ አፈር እንዳይውጠው ሳንቃ ዘርግቼ ሁለት የወይራ ጉማጅ አቆምሁ። መኪናዋን ጉማጁ ላይ አሳርፌ የክሪኩን መልቀቂያ መልሼ አጠበቅሁ። ገፍቼ አይቼ ነው ‹ግባ› ያልሁት። ከዚያ ወፍጮ ቤት ሄድሁ።»

«ታዲያ ጉማጁ ክንፍ አወጣ?» አለ የሟች ወንድም ደስታው። ቤቱ ከእነሱ ጋር አጥር ለአጥር ነው። «ወንድሜን በላችው! ቤቱን ለቃ ትውጣ!»

«እግሬ ከዚህ ግቢ አይነቀልም!»

ሽማግሌዎቹን ሰብስበው የመጡት መምሬ ዓለምብርሃን መስቀላቸውን አሻሹ። «ልጄ፣ ሴትን መኪና ማንሳት ምን አገባት? በይ ይቅርታ ጠይቂና ወደ ወላጆችሽ ሂጅ።»

«ላላጠፋሁት ይቅርታ አልልም፣ መምሬ። ቢገዝቱኝም አልልም!»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ባልሽን ገደልሽ ተብላ አንገቷን የማትደፋ ሴት አይተው አያውቁም። ቢያዩ ኖሮ ለእነሱም ይበጃቸው ነበር።

ኢንስፔክተሯ ክሪኩን ያዋሰውን ጎረቤት ጠራች። አዛናው እየተርበተበተ መጣ።

«ክሪክህ አርጅቷል?»

«አርጅቷል፤ ግን ከድቶኝ አያውቅም። ደግሞስ በገበያው ሞት እኔ ምን እጠቀማለሁ? ደስታው ድንበሬን ገፍቶ እንዳረሰ፣ ሰኞ ቀበሌ ቀርቦ ሊመሰክርልኝ ነበር!»

«አንተስ የት ነበርህ?» ስትል ወደ ደስታው ዞረች።

«ማሳ። ጩኸት ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

«ቤትህን ልይ።»

ደስታው እየቀፈፈው በሩን ከፈተ። እሷ የእህል ቤቱን ዞራ አየች፤ ከጆንያዎቹ ስር አጎንብሳ ተመለከተችና ወጣች። ከዚያ ሁሉንም ፒካፗ ዘንድ ሰበሰበች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል» አለች። «ብሎኬቱ መኪና ተሸክሞ ቢሆን ገለባውን ጨፍልቆ ዋልካው ውስጥ በሰመጠ ነበር። ገለባው ግን እንደቆመ ነው። ከጎኑ ሁለት የሳንቃ ዳና ጠልቆ ታትሟል፤ ሳንቃዎቹም ከአጥሩ ስር ተጥለዋል። ስለዚህ ብሎኬቱ የመጣው ከሞቱ በኋላ ነው።»

«ክሪኩ ከድቶ ይሆናል» አሉ መምሬ።

«ቢከዳ መልቀቂያው እንደጠበቀ ይቀር ነበር። በእጅ ተፈትቷል፣ አባቴ። አንድ ሰው መኪናዋን ጥቂት አንስቶ ጉማጆቹን አወጣ፤ ከዚያ ለቀቃት። ገበያው ዝም ብሎ የተኛው ስለሚያምነው ነው። ጉማጆቹስ? እዚህ ፎገራ ላይ ጆንያ እርጥብ ወለል አይነካም፤ ወይራም ውድ እንጨት ነውና አይጣልም። የደስታው ጆንያዎች ሁሉ በባሕር ዛፍ አጣና ላይ ተደርድረዋል። ሁለቱ ብቻ ወይራ ላይ ናቸው።»

ፖሊሱ ጉማጆቹን አምጥቶ አስቀመጠ። አናታቸው ላይ ጥቁር ግራሶ ተለድፏል።

«የኔ ናቸው!» ብሎ ጮኸ ደስታው። «ከድሮም የኔ ናቸው!»

ይርገዱ ወደ ፒካፗ ሄደች። ታኮውን በእግሯ ገፍታ አረጋገጠች። ሳንቃዎቹን በዳናቸው ላይ መልሳ ዘረጋች፤ ክሪኩን አስገብታ መልቀቂያውን አጠበቀችና እጀታውን ከፍ ዝቅ እያደረገች መምታት ጀመረች። ማንም አላገዛትም። መኪናዋ ስትነሳ ጉማጆቹን አቁማ በቀስታ አሳረፈቻት። የሻንሲው ብረት ጠርዝ በግራሶው ላይ በታተመው መስመር ውስጥ ልክ ገባ።

«አሁን ግፉ!» አለች። አዛናውና ሁለት ሽማግሌዎች ገፉ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም።

ከዚያ በጀርባዋ ተኝታ ከስር ገባች። ሽማግሌዎቹ ጮኹ። ድምጿ ከስር መጣ፤ «ደስታውም ይምጣ! ይግፋ! የሴት እጅ ያቆመው ከወደቀ እኔም ልሙት!»

ደስታው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ዓይኑ ክሪኩ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«አትነቃነቅ አልሁት... ሳንቃው ሰምጧል ላስተካክልልህ አልሁት» ሲል አቃሰተ። «እንዳትመሰክር ብዬ ለምኘው ነበር። እምቢ አለኝ።»

እጁ ታሰረ። ኢንስፔክተሯ ወደ መኪናዋ ጎንበስ አለች። «ይርገዱ፣ በይ ውጭ። ጉማጆቹን ለማስረጃ እወስዳቸዋለሁ።»

«ትወስጃቸዋለሽ። ገበያው አንድ ብሎን ቀርቶት ነበር፤ እሱን ሳላጠብቅ አልወጣም። የብሎን ቁልፉን አቀብሉኝ!»

መምሬ ዓለምብርሃን ነጠላቸውን ሰብስበው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ፤ በግራሶ የተለወሰውን ቁልፍ አንስተው ለተዘረጋው እጇ አቀበሉ።