ደንበኛ ቁጥር አንድ

በጨረቃ ላይ ዝናብ የሚዘንበው ሐሙስ ሐሙስ ነው። የሚያዘንበው ደግሞ ሰማይ ሳይሆን ትርንጎ አራጋው ናት። ከሐይቅ ከተማ ወጥታ ነጭ ሜዳ የምትባለው የጨረቃ ከተማ ከገባች ጀምሮ ሥራዋ ይኸው ነው። ከተማዋን እንደ ድስት ክዳን ወደሸፈናት ጣሪያ በመሰላል ትወጣለች፣ ውኃ የሚረጩትን ቀዳዳዎች ትጠርጋለች፣ ከዚያ ማብሪያውን ተጭና ዳር ትቆማለች። ታች ያሉት ሰዎች ዣንጥላቸውን ዘርግተው ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። ጠብታው እንደ ምድር ዝናብ አይቸኩልም፤ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ልጆች በመዳፋቸው ይቀልቡታል። ዝናቡ የሚዘንበው ለእርሻ ሳይሆን አቧራ ለማጠብ ነው። የጨረቃ አቧራ ደግሞ ነገረኛ ነው፤ በር ቢዘጉበት በመስኮት ይገባል።

የዚያን ሐሙስ ትርንጎ ዝናቧን አዝንባ እንደጨረሰች ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ወደ መርከብ ትኬት መስኮት ሮጠች። ሐኪሙ አጥንቷን አይቶ የነገራት ነገር ሰላም ነስቷታል። ጨረቃ ላይ ሰውነት ይቀላል፤ ቀሎ ቀሎ አጥንቱ ይሳሳና አንድ ቀን የምድርን ክብደት መሸከም ያቅተዋል። "ቅዳሜ የሚነሣው መርከብ ላይ ካልተሳፈርሽ ከዚያ በኋላ መመለስ የሚባል ነገር የለም" ብሏት ነበር። ትርንጎ አላለቀሰችም። የመመለሻዋን ገንዘብ አገሯ ውስጥ፣ ጥላ ባንክ አስቀምጣለች። ስንት ጊዜ ለሌላ ጉዳይ ነክታው፣ ስንት ጊዜ መልሳ ሞልታዋለች። አሁን ሞልቷል።

"በዚህ ሰው ስም ሂሳብ የለም" አላት የትኬቱ መሣሪያ።

"ባለፈው ወር ነበረኮ!"

"በዚህ ሰው ስም ሂሳብ የለም።"

ተረቱ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ይላል። የትርንጎ ነገር ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ሰማይ ላይ ያለችው እሷ፣ ላሟ ምድር።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ጥላ ባንክ ምሰሶ ከሚባል ትልቅ ባንክ ጋር ተዋሕዷል። የሁለቱን ባንኮች ደንበኞች አንድ ላይ የደባለቀው ደግሞ "አዋሃጅ" የተባለ ማሽን ነው፤ ሁለት ቦታ ሂሳብ ያለውን ሰው ለይቶ አንድ ቦታ የሚሰበስብ ማለት ነው። ሥራው በወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ነው። ችግሩ በዚህ ዘመን ማን ማን መሆኑን ማወቁ ላይ ነው። ፊትና ድምፅ መቅዳት የሕፃን ጨዋታ ከሆነ ወዲህ ባንኮች በመልክም በጣት አሻራም ማመን ትተዋል። ሰውን የሚያውቁት በ"ጠባየ አሻራ" ነው። መቼ ያስቀምጣል፣ መቼ ያወጣል፣ ለማን ይሰጣል፣ ለራሱ ምን ይገዛል? የዚህ ሁሉ ድምር አንድን ሰው ከሌላው ይለያል ይላሉ። ሌባ ፊት ይሰርቃል እንጂ ጠባይ አይሰርቅም።

ትርንጎ ወደ ባንኩ ደወለች። ከጨረቃ የተላከ ቃል ምድር ደርሶ እስኪመለስ አንድ ትንፋሽ ስለሚወስድ፣ እዚያ የሚኖር ሰው ተናግሮ ዝም ማለትን ይለምዳል። የተነሣው ሰውዬ ሲራክ የሚባል የውሕደት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ድምፁ የልጅ ቢመስልም ትሕትናው የሽማግሌ ነው።

"እህቴ፣ ሂሳብዎ አልጠፋም" አላት መዝገቡን ብዙ ካገላበጠ በኋላ። "የጠፉት እርስዎ ነዎት።"

"እኔማ ይኸው አለሁ!"

"አሉ። ግን ብቻዎን አይደሉም። ማሽኑ እርስዎንና ሌሎች ብዙ ሴቶችን አንድ ሰው ናችሁ ብሏል። ሪያድ ያሉ፣ ቤይሩት ያሉ፣ ከባሕር በታች ባሉት ማዕድን ማውጫዎች የሚሠሩ፣ ጨረቃ ያሉ። የሁላችሁም ሂሳብ አንድ ላይ ነው ያለው። ደንበኛ ቁጥር አንድ ትባላላችሁ።"

"አንድ ሰው እንዴት አድርጎ ሪያድም ቤይሩትም ይሠራል?"

"ዛሬ እኮ ሰው አንድ ቤት ተቀምጦ በሮቦት እጅ አሥር አገር ይሠራል። ለማሽኑ አይደንቀውም።" ሲራክ ትንሽ አመነታ። "እንዲያውም ባንኩ ትልቋ ደንበኛችን ብሎ ሊሸልማት አስቦ ነበር። አዳራሽ ተከራይተው፣ ካባ አሠርተው፣ ሴትዮዋን ሲፈልጓት ነው የከረሙት።"

ትርንጎ በንዴቷ መሐል ሳቀች። ካባዋን ለብሳ ዝናብ ስታዘንብ ታያት።

የማሽኑ ስሕተት ግን እንዲያው ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ከውሕደቱ በፊት ባንኩ ለደንበኞቹ ሁሉ አንድ ጥያቄ ልኮ ነበር፤ "ከሌላው ሰው የሚለይዎ ምንድን ነው?" የሚል። ሌላ አገር ቢሆን ሰው ገጽ ሙሉ ይጽፋል። እኛ ዘንድ ግን ራስን እያነሡ ማውራት ያስተዛዝባል። ትርንጎ "ምንም የለኝም፣ እንደ ማንኛውም ሰው ነኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ መለሰች። ሌሎቹም ሴቶች፣ በያሉበት አገር ሆነው፣ ይሉኝታ ይዟቸው ይህንኑ መለሱ። ማሽን ይሉኝታ አያውቅም። የሰጡትን መልስ ቃል በቃል አመነው።

"እርስዎ ብቻ ያደረጉትን አንድ ነገር ይንገሩኝና ልለይዎ" አላት ሲራክ። "የቤት ጣሪያ አሠርተዋል?"

"ለእናቴ። ቆርቆሮ።"

"እሱን ሁሉም አሠርተዋል። ያስተማሩት ሰው አለ?"

"ወንድሜ ይመር። መምህር ሆኗል።"

"ሁሉም ወንድም አስተምረዋል" አለ ሲራክ፤ ድምፁ ተለወጠ። "እኔም በእህት ገንዘብ የተማርኩ ነኝ። የእሷም ሂሳብ እዚሁ ውስጥ ነው። የቷ እንደሆነች ልለያት አልቻልኩም።"

ሲራክ ወደ ፍለጋው ተመለሰ።

"ለራስዎ የገዙት ነገርስ?" አለ በመጨረሻ። "ማሽኑ ሰውን ከሰው አጥብቆ የሚለየው በሱ ነው። ሽቶ፣ ጫማ፣ ሽርሽር፣ ምንም ይሁን።"

ትርንጎ አሰበች። አንድ ጊዜ ቀይ ጫማ አምሯት አዝዛ ነበር፤ በማግስቱ የአጎቷን መርዶ ሰማችና ሰርዛ ገንዘቡን ለተዝካር ላከችው። ነገረችው። ሲራክ መዝገቡን አየና "እንዲህም ያደረጉ አሉ" አላት፣ እንዳፈረ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ማሽኑ የሃምሳውን ጌጥ ሰብስቦ ለአንዲት ሴት አሸክሟት አረፈ።

"ሰው ሆነው በእጅዎ አያስተካክሉትም?"

"ሕጉ አይፈቅድም። ሰው እጁን ካስገባበት ሌባም ያስገባል ይላሉ። ቦርዱ ተሰብስቦ እስኪወስን ክረምቱ ይወጣል።" ቀጥሎ የተናገረው እንደ መድኃኒት ነበር፤ መራራም ቢሆን። "አንድ መንገድ አለ። ማሽኑ እርስዎን ደንበኛ ቁጥር አንድ ብሎ ስለሚያምን፣ ከዚያ ሂሳብ ላይ የራስዎን ያህል አውጥተው ትኬቱን መቁረጥ ይችላሉ። የማንንም አይነኩም። ግን መርከቡ ለአንድ ደንበኛ የሚሸጠው አንድ ወንበር ብቻ ነው። በሮቦት ሃያ ቦታ ቢሠሩም ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሥጋ አንድ ነው ብለው። ነጭ ሜዳ ውስጥ ደግሞ ደንበኛ ቁጥር አንድ ከተባሉት ሴቶች ሌላ አንዲት አለች።"

ትርንጎ ስሟን አልጠየቀችም። ፎዚያ አባመጫ የጅማ ልጅ ናት፤ አንድ ክፍል አብረው ይኖራሉ፣ አንድ ሐኪም አይቷቸዋል፣ በአንድ መርከብ ሊመለሱ ተስማምተዋል። ጥላ ባንክ ሂሳብ የከፈቱትም ተያይዘው ሄደው ነው።

ዓርብ ከሰዓት ሁለቱ ትኬቱ መስኮት ፊት ቆሙ። መሣሪያው ሁለት ቁልፍ አሳያቸው፤ "ለራሴ" እና "ለሌላ ሰው"። ትርንጎ "ለሌላ ሰው" የሚለውን ተጭና የፎዚያን ስም ተናገረች።

"የደንበኛ ቁጥር አንድ ጠባይ ተረጋግጧል" አለ መሣሪያው።

"ምን ሆነሻል!" ፎዚያ ገፋ አደረገቻትና ትኬቱን ሰረዘችው። እሷም በተራዋ የትርንጎን ስም ተናገረች። "የደንበኛ ቁጥር አንድ ጠባይ ተረጋግጧል።"

"አንቺ ሂጂ፣ ልጅ አለሽ" አለች ትርንጎ።

"አንቺ ሂጂ፣ እናት አለሽ።"

"በሞቴ!"

"ወላሂ አይሆንም!"

እንግዳ ቤት በር ላይ "አንቺ ቅደሚ"፣ "ኧረ አንቺ" እየተባባሉ መግቢያውን አንቀው የሚይዙ ሰዎች አሉ አይደል? እንደዚያ። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። መስኮቱ ሊዘጋ ነው። ፎዚያ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"እኔ ከእንግዲህ አልነካውም" አለች። "አንቺም ካልነካሽው ወንበሩ ባዶውን ይሄዳል፤ እኛም እዚሁ እንቀራለን። አንድ ጊዜ እንኳ ለራሴ በይ እስቲ! ምን ትሆኛለሽ?"

ትርንጎ ፎዚያን ከጀርባዋ አየቻት። ጫማዋ አምና የሰጠቻት የራሷ ጫማ ነው። ጣቷ "ለራሴ" የሚለው ላይ ደርሶ ቆመ። ከሰው ሙዳይ እንደሚሰርቅ ሰው ዓይኗን ጨፍና ተጫነችው፤ ስሟንም ተናገረች። ወዲያው ጓደኛዋን የሸጠቻት መስሏት እንባዋ ወረደ።

መሣሪያው መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ቆየ። ከዚያ "ይህ የደንበኛ ቁጥር አንድ ጠባይ አይደለም" አለ። "አዲስ ሰው ተገኝቷል። ትርንጎ አራጋው፣ እንኳን ደህና መጡ። ወንበርዎ ተይዟል።"

"እና ደንበኛ ቁጥር አንድስ?" ፎዚያ ከግድግዳው ዞረች።

"ደንበኛ ቁጥር አንድ ወንበር አልያዘችም። አንድ ወንበር ሊሸጥላት ይቻላል።"

ሲሰጣጡ የዋሉትን አንድ ወንበር ያበዛው አንዷ መውሰዷ ነበር። ፎዚያ እልል አለችና መስኮቱ ሳይዘጋ "ለራሴ" የሚለውን በጡጫ መታችው። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው እዚያው ሲያለቅሱ ሰልፈኛውም ማጉረምረሙን ትቶ አጨበጨበላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ወንበራቸው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የመርከቡን መነሣት ሲጠብቁ፣ ትርንጎ አዲሱን ሂሳቧን ከፈተች። ስሟ ተጽፏል። ከሥሩ ግን "ዘመድ፦ አይታወቅም። የላከችው፦ የለም። የረዳችው፦ የለም" ይላል። ደንግጣ ሲራክ ዘንድ ደወለች።

"ያ ሁሉ ታሪክ ደንበኛ ቁጥር አንድ ዘንድ ቀርቷል" አላት። "የትኛው ጣሪያ የማን እንደሆነ ማሽኑ መለየት አልቻለም። አዝናለሁ እህቴ። ለሌሎቹ ግን መንገዱን እነግራቸዋለሁ፤ ለእህቴም።"

ትርንጎ ቻል አደረገችው። የሰጠሁትን የተሰጠው ያውቀዋል አለች በልቧ፤ ከዚያ ወንድሟ ይመር ዘንድ ደወለች።

"ይመርዬ፣ ትርንጎ ነኝ። እየመጣሁ ነው፣ ለራሴ ትኬት ቆረጥኩ!"

አንድ ትንፋሽ አለፈ።

"ማን ልበል?"

"ትርንጎ ነኝ አልኩህ እኮ። እህትህ!"

"ይቅርታ፣ ሰውን በጠባየ አሻራው የሚለየው ስልኬ አላወቀዎትም። ምንም ልኮልህ የማያውቅ ሰው ነው ይለኛል።"

ሐይቁ ዳር ወድቆ ጉልበቱ ላይ የቀረውን ጠባሳ ነገረችው። የአባታቸውን በቅሎ ስም ነገረችው። ይመር ክፉ ሰው አልነበረም፤ አክብሮ ነው የሚያዳምጣት። "ሌቦችም ይህን ሁሉ ያውቃሉ" አላት። "አምና በእናታችን ድምፅ ደውለው ጎረቤታችንን አራቁተውታል። ደግሞ እህቴ ለራሷ ትኬት ቆረጥኩ አትልም። እህቴን አውቃታለሁ።" ትንሽ አሰበ። "እህቴ ከሆኑ ትንሽ ነገር ይላኩልኝ። ብዙ አልልም። ስልኬ ወዲያው ይለይዎታል።"

የትርንጎ እጅ ሳታዝዘው ወደ ገንዘብ መላኪያው ቁልፍ ሄደ። ልትጫነው ስትል ያዘችው። ማሽኑ ያንን ጠባይ ከየት እንደተማረው ያን ጊዜ ገባት፤ ማሽኑን ስትረግም ሁለት ቀን በመዋሏም አዘነች። ሳትታወቅ የኖረችው ባንኩ ዘንድ ብቻ አልነበረም።

"አልልክም" አለች።

ፎዚያ ዞራ አየቻት።

"አልልክም ይመር። ባዶ እጄን ነው የምመጣው። ማክሰኞ መናኸሪያው ድረስ ወጥተህ ጠብቀኝ። ፊቴን አይተህ ካላወቅኸኝ እመለሳለሁ አልልህም፤ በርህ ላይ ቆሜ እስክታውቀኝ እጮህብሃለሁ!"

እንዲህ ተቆጥታው አታውቅም። ትንፋሹ አለፈ፤ ሌላም አለፈ። ፎዚያ እጇን ያዘቻት። ጥሪው የተቋረጠ መሰላቸው።

"ሌባ ቢሆን ይልክ ነበር" አለ ይመር ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጠነ። "እታለም?"

"አቤት" አለች ትርንጎ።