ጄኔሬተሩን ያጠፋው እጅ

ማክሰኞ ጠዋት አዳማ እንደ ሌላው ቀን ነበር የነጋባት። ነፋሱ የአስፋልት ዳሩን አቧራ ወደ ሱቆቹ ያስገባል፤ ባጃጆች ይጣራሉ፤ መብራት ገና በጠዋቱ ጠፍቷል። ልዑልሰገድ ቁርሱን ቆሞ በላ፤ ቦቲውን አጠለቀና ከቤቱ ጓሮ ወዳለችው ትንሽ ቢራ መጥመቂያው ገባ። ጄኔሬተሩን አስነሳ። ባለቤቱ ሚልካ ድምፁን እየሰማች ልብስ አሰጣች፤ ከዚያ ገበያ ወጣች። ስትመለስ ባሏን ቢራው በሚጠመቅበት ታንከር ውስጥ ሞቶ አገኘችው።

ኢንስፔክተር አበዛሽ የደረሰችው አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ከተወሰደ በኋላ ነው። ታንከሩ አናቱ ላይ አንድ ሰው ብቻ የሚያሾልክ ክብ መግቢያ አለው። በመግቢያው ወፍራም ቱቦ ወርዷል፤ ቱቦው ከማራገቢያ፣ ማራገቢያው ከጄኔሬተሩ ተያይዟል።

«ይሄ ለምንድነው?»

«ቢራ ሲፈላ ጋዝ ይወልዳል» አለች ሚልካ። «አተላው ሲነካ ደግሞ ይነሳል። አይታይም፤ ሁለቴ ከሳቡት ይጥላል። ለማጠብ ሲገባ አየር ያስነፋል። ጉደታም አናቱ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።»

«ዛሬስ?»

«ማታ ተጣሉ።»

ጉደታ የሟቹ ሸሪክ ነው። ዩኒቨርሲቲ አብረው የተማሩት ሁለቱ ጓደኛሞች «ቀይ አፈር» ቢራን ሲጀምሩ የአዳማ ሆቴሎች ተሻሙበት፤ የመቂ ሽንኩርት ደላሎች ሳይቀሩ በስሙ እየጠሩ ያዝዙት ነበር። ከዚያ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፤ ከውጭ የመጣው ብቅል ሞጆ ደረቅ ወደብ ቀረ፤ የማጠቢያው ፓምፕ ተበላሽቶ መለዋወጫ ታጣ። ታንከሮቹ ተሸጠው አንድ ብቻ ቀረ። ጉደታ እሱም ይሸጥ አለ፤ ልዑልሰገድ አንድ ጊዜ ልጥመቅበት አለ።

«አንቺስ የማንን ሐሳብ ደገፍሽ?»

«ቸርች ‹የጠማቂው ሚስት› ነበር የምባለው» አለች ሚልካ መሬት መሬት እያየች። «ይዘጋ ብዬ ጸልያለሁ። እንዲህ ግን አላልኩም።»

የልዑልሰገድ አባት አቶ ገብረወልድ ከበረንዳው ተነሡ። «ምን ታለፊያታለሽ ልጄ? ጉደታ ነው የገደለው። ማታ ‹ሞተህ በተገላገልኩ› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ጉደታ ሳይመሽ ተይዞ ጣቢያ ገባ።

«ብያለሁ» አለ። «ወንድም ለወንድሙ ስንት ይለዋል። ጠዋት ስለ ብቅሉ ልለምን ሞጆ ሄድኩ። ብቻውን እንደሚገባ አውቅ ነበር፤ አኩርፌ ሄድኩ።»

«ማን አየህ?»

«ሺህ ሹፌር። ማን ያስታውሰኛል?»

በማግስቱ አበዛሽ ወደ ግቢው ተመለሰች። ጄኔሬተሩ ነዳጅ አለው፤ ስለዚህ በራሱ አልቆመም። ማጥፊያው ወርዷል። የነዳጁ ቧንቧም ተዘግቷል፤ ሸራውም በወጉ ለብሷል። ከመጥመቂያው እስከ ውጭው በር ድረስ አቧራው ላይ የተጎተተ ነገር ምልክት አለ። ምልክቱን ተከትላ ሄደች።

ምልክቱ ያደረሳት ጎረቤት ለቅሶ ቤት ነው። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ቡዜ ያረፉት በዚያው በማክሰኞ ጠዋት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት አግዳሚ ወንበሮች ጎናቸው ላይ በቀይ ቀለም «ቀይ አፈር» ይላል። አበዛሽ ከባለ ወፍጮው ከሐዲስ አጠገብ ተቀመጠች።

«ወፍጮህ ማክሰኞ ቆሞ ነበር አሉ፤ መብራት ጠፍቶ ነው?»

«የኔ እኮ በናፍጣ ነው። ሬሳ ሳይወጣ ማን ያንጓጓል? የእድሩ ዳኛ ራሳቸው ዞረው ሁላችንንም አስቆሙን። ብየዳ ቤቱንም፣ ሙዚቃ ቤቱንም።»

«ዳኛው ማን ናቸው?»

ሐዲስ ስማቸውን ነገራት። አበዛሽ የወንበሩን ቀይ ጽሑፍ በጣቷ ዳሰሰች። ዝም ብትል ጉደታ ባልሠራው እንደታሰረ ይቀራል፤ ብትናገር ደግሞ ሌላ ሰው ይፈርሳል።

ልዑልሰገድ ከተቀበረ በኋላ ሁሉንም መጥመቂያው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጉደታ በካቴና መጣ። አቶ ገብረወልድ ፊታቸውን አዞሩበት።

«ሟቹን የጣለው ጋዙ ነው» አለች። «ጋዙ የተጠራቀመው ማራገቢያው ስለቆመ፣ ማራገቢያው የቆመው ጄኔሬተሩ ስለጠፋ ነው። በሰው እጅ ነው የጠፋው። ግን ሊገድል የመጣ ሰው አጥፍቶ ይሮጣል እንጂ ነዳጅ ዘግቶ ሸራ አያለብስም። ይህን ያደረገው ንብረቱ የሚያሳስበው ሰው ነው። በዚያው ሰዓት ከዚሁ ክፍል ወንበሮች ለለቅሶ ወጥተዋል። የሰፈሩ ሞተር ሁሉ ለሟቿ ክብር ቆሟል። ያስቆሙት ሰው የራሳቸው ቤት ሲጮህ ዝም ብለው አያልፉም።»

ወደ አቶ ገብረወልድ ዞረች።

«አባባ፣ የእድሩ ዳኛ እርስዎ ነዎት፤ ወንበሮቹንም ያወጡት እርስዎ ነዎት?»

አቶ ገብረወልድ ታንከሩን ተመለከቱ። «አሳፈረኝ» አሉ ቀስ ብለው። «የሰውን አስቁሜ የኔው ሲጮህ አሳፈረኝ። ልዑል፣ አጥፋው ብዬ ተጣራሁ። አልመለሰልኝም። ለጠርሙስ ማጠቢያው የሚሠራ መስሎኝ ራሴ አጠፋሁት።» እጃቸውን ታንከሩ ላይ አሳረፉ። «ወንበሩን ይዤ ስወጣ ብረት ሲንኳኳ ሰምቻለሁ። ዕቃ የሚያነሣ መሰለኝ።»

ሚልካ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ምን ልሁን?» አሉ ሽማግሌው አበዛሽን። «አንቺ ሕግ ታውቂያለሽ። ምን ልሁን?»

አበዛሽ የጉደታን ካቴና ፈታች። ጉደታ ካቴናው የላጠውን እጁን እያሸ ሄዶ ከሽማግሌው አጠገብ ቆመ፤ ሊደግፋቸው ፈልጎ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

ታንከሩን የገዛው ሰው በሳምንቱ መጥቶ ጭኖ ወሰደው። መጥመቂያው ባዶ ነው። ቀይ አፈር ቢራ የለም። ልዑልሰገድ የለም።