ብርሃን የተከለከለ እግር

ያለምዘውድ ሽታው ከማቀዝቀዣው የሚመጣ መስሏት ነበር። የተረፈውን ዓሣ ጣለች፤ አሚሻቭ በሚባለው ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአባቷ ጋር የምትኖርባቸውን ሁለት ክፍሎች በበረኪና ፈተገች። ቀኑን ሙሉ የሰው ቢሮ ስታጸዳ ለምትውል ሴት የገዛ ቤቷ ሲሸት ሕመም ነው። ሽታው ግን አልለቀቀም። ማር የፈሰሰበት የከረመ ሥጋ ይመስል ነበር፤ ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቆ ምግብ ከለከላት።

በሦስተኛው ቀን ምንጩን አገኘችው። አባቷ አቶ ይርሳው፣ ትሪስ የሚሉትን የመስኮት መዝጊያ ጥርቅም አድርገው፣ በዚያ ሙቀት ቀኝ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተኝተዋል። ከሱዳን በረሃ ወጥተው እስራኤል፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ ከገቡ ሁለተኛው በጋ ነው።

«አባዬ፣ እግርዎ ምን ሆነ?»

«ትንሽ ልጦኝ ነው። አያመኝም።»

«እስቲ ልየው።»

«ተይ፣ ብርሃን እንዳያየው። ደባሽ ናት ያሰረችው።»

እትዬ ደባሽ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ናቸው፤ ጎንደር ሳሉ የመንደሩን ቁስል ሁሉ ያስሩ ነበር። ጭቅጭቁን ሰምተው ወጡና በሩ ላይ ቆሙ።

«አትንኪው» አሉ። «ቁስል ፀሐይ ካየ ያመረቅዛል፤ የመንገድ ጠረን ከነካውማ አለቀለት። ቅቤ አድርጌበታለሁ። ደግሞ አላመመኝም ይላል፤ ያላመመ ቁስል ምን ቁስል ነው?»

«ሽታውስ፣ እትዬ?»

«ክፉው እየወጣ ነዋ።»

ያለምዘውድ ትሪሱን ከፈተች፣ ተንበረከከች፣ ጨርቁን ፈታች። የመጨረሻው ዙር ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ነበር፤ በውኃ አርሳ ስታነሣው የሻገተ ቅቤ ከመግል ጋር ተጎትቶ ወጣ። ትንሿ ጣት ጠቁራለች። ከሥሯ የጠርሙስ ቆብ የሚያህል ጉድጓድ አለ፤ ግራጫና እርጥብ። ያለምዘውድ መታጠቢያ ቤት ሮጣ አስመለሰች። ስትመለስ አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር። ይህ ከሽታው ይልቅ አንገበገባት።

ጫማቸውን አነሣች። እጇን ስታስገባ ወጋት፤ ከሶሉ የዛገ ሚስማር ብቅ ብሏል።

«አባዬ፣ ይህንን ተጫምተው ስንት ቀን ሄዱ?»

«ሚስማር አለው እንዴ?» አሉ፣ ከልባቸው ተገርመው።

በማግስቱ በአውቶቡስ ወደ መሃል ከተማ ወሰደቻቸው። ክሊኒኩ ውስጥ የምትሠራው ኤስቴር ቀድማ የገባች የጎንደር ልጅ ናት፤ የሐኪሙን ዕብራይስጥ በአማርኛ መለሰችላቸው።

«ስኳር ነው፣ አባባ። ስኳሩ እግርዎን አደንዝዞታል፤ ሚስማሩም ያልተሰማዎት ለዚህ ነው። ጣቷ ትቆረጣለች። ቁስሉ ካልጠገገ እግሩም ይከተላል። ሆስፒታል ውስጥ በቀይ ብርሃን ቁስል ለማከም እየሞከሩ ነው፤ ይግቡበት ይላል ሐኪሙ።»

«ጣቴን ውሰዱ» አሉ አቶ ይርሳው። «ብርሃኑ ይቅር። ቁስል ለብርሃን አይሰጥም።»

«ጨለማው ምን አደረገልዎት?»

ኤስቴር የእጅ መስተዋት አምጥታ ከእግራቸው ሥር ያዘች። አቶ ይርሳው የገዛ ቁስላቸውን ያን ጊዜ ገና አዩት። አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ያዙ።

«ይህን ይዤ ነው ምኩራብ የገባሁት?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እንግዲያስ አብሩት።»

«በሰደር፣ እሺ። ግን ይስሙኝ፤ ብርሃኑ ገና ሙከራ ነው። ቁስሉ ካልጸዳ፣ የስኳሩን መድኃኒት ካልወሰዱ፣ እግሩን ካላሳረፉት፣ ብርሃን ብቻውን ከኩራዝ አይሻልም።»

ጣቷ ተቆረጠች። ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን የሆስፒታሉ ነርስ የበሰበሰውን እየፋቀች፣ እያጠበች፣ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ ብርሃን ቁስሉ ላይ ታሳርፍ ነበር። አይሞቅም፣ አያቃጥልም። በሦስተኛው ወር ጉድጓዱ ሽንብራ አከለ፤ ዙሪያውም ቀላ ያለ አዲስ ሥጋ አበቀለ።

እትዬ ደባሽ ሊጠይቁ መጡ።

«እውነት ብርሃኑ ነው ያዳነህ?»

«እኔ እንጃ፤ ሐኪሞቹም ገና እያጠኑት ነው። እኔ የማውቀው፣ ልጄ ያን ትሪስ ባትከፍት እግሬ ከጣቴ ጋር ይሄድ እንደነበር ነው።» ይህን ብለው አዲሱን ጫማቸውን አራገፉ፤ ከማጥለቃቸው በፊት እጃቸውን አስገብተው ውስጡን ዳሰሱ።

እትዬ ደባሽ የአቶ ይርሳውን እጅ አዩ።

«የጎረቤታችንን የካሳውንም እግር አስሬለታለሁ» አሉ። «አራተኛ ፎቅ። አያመኝም ብሎኛል።»

ያለምዘውድ ቀድማ ተነሣች። ያው ጣፋጭ ሽታ ደረጃው ላይ ተቀበላቸው። እትዬ ደባሽ አፍንጫቸውን አልያዙም፤ ካሳው ቤት ገብተው ትሪሱን በገዛ እጃቸው ከፈቱት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቀዋለን፤ ቁስሉን ግን ስንደብቅ እንገኛለን። እናንተ ይህን ያነበባችሁ፣ ዛሬውኑ የአባታችሁን ካልሲ አውልቃችሁ እግራቸውን እዩ። ቢሸትም እዩት።