በአቦ ዕለት የተሠራው ሹራብ

የደባርቅ ብርድ እንደ ሌላ አገር ብርድ አይደለም፤ ድንጋይ ሲያስነጥሰው የሰሙ ሽማግሌዎች አሉ። በዚያ ብርድ፣ በ1975 ዓ.ም. የካቲት 6 ቀን ማለዳ፣ ወይዘሮ ስጦታ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙና ሃምሳ አለቃ ላቀው ተጠራ።

ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ሊማሊሞ ግርጌ የላቀውን ስም ሰምቶ የሰረቀውን በሬ መልሶ ያላሰረ ሌባ የለም ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የሚለው ራሱ ላቀው ነው፤ ሐሰት ነው ያለ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሟቿ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ልጃቸው አለነ ወደ ጦር ግንባር ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። የቀሯቸው መጽሐፍና ሹራብ ነበሩ። ያነበቡት መጽሐፍ ቢደረደር ራስ ደጀን አንገቱን ቀና አድርጎ ያየዋል። ሹራቡ ግን አንድ ብቻ ነበር፣ የአለነ። ሠርተው ሲጨርሱት «እስካሁንማ ሰውነቱ ሞልቶ ይሆናል» ይሉና ተርትረው፣ አስፍተው እንደገና ይጀምሩታል።

ላቀው ቤቱን በዓይኑ አሰሰ። ግራጫው ሹራብ ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል። ሁለቱ የሹራብ መርፌዎች ጫፋቸው ላይ ቡሽ ተሰክቶባቸዋል። አጠገባቸው ያለው ፈርኔሎ ከሰሉ አመድ ሆኗል። የጀመሩት ልቦለድ ገጹ እንዳይጠፋ የሱፍ ክር ገብቶበት አልጋው ላይ ተቀምጧል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ያየህ የከሰል ጭስ እንደገደላቸው አስቀድሞ ወስኖ ነበር። ላቀው ጎንበስ ብሎ የሟቿን ከንፈር በጣቱ ገለጥ አደረገ።

«ከሰል ከንፈር አይቆርጥም፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ሰው በትራስ ሲታፈን ነው የገዛ ጥርሱ ከንፈሩን ከውስጥ የሚቆርጠው።»

ያየህ ወዲያው ሐሳቡን ለወጠ። ከሰሉን ያስገባችው ጎረቤታቸው እናናዬ ናት፤ ስለዚህ ገዳይዋም እሷ ናት። ጥጥ ፈትላ የምትኖረውን ይህችን ሴት ቀበሌው ውስጥ አስቆለፈባት። ከሰዓት በኋላ መኪና ወደ ጎንደር ይወስዳታል። በዚያ ዘመን በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው ደባርቅ አላየችም። ላቀው መኪናው እስኪነሳ ብቻ ጊዜ ተሰጠው።

መጀመሪያ የጠየቀው ያየህን ነው። ሊቀ መንበሩ ስለ ሟቿ ተጠይቆ ስለ ሥራው አማረረ። በረዶ ገብሱን ከመታው ወዲህ የሰበካው ሽማግሎች በአቦ ዕለት ግዝት ጥለዋል፤ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ሞፈርም እንዝርትም መርፌም አይነካም። ትናንት ለእርከን ሥራ ጥሩንባ ቢያስነፋ የወጣለት አንድ ውሻ ብቻ ነው።

«ወይዘሮ ስጦታን እንኳ የተማሩ ሆነው እንዴት ይህን ያከብራሉ ብዬ ተጣልቻቸዋለሁ» አለ። የሟቿ የወንድም ልጅ ሰጠኝ የተዘጋውን የአለነን ክፍል እንዲሰጡት በቀበሌው በኩል ለምኖ እንቢ እንዳሉትም ጨምሮ ነገረው።

እናናዬን በመስኮት አነጋገራት። ትናንት አመሻሽ ላይ ከሰል አቀጣጥላ ስትገባ ሴትዮዋ አልጋቸው ላይ ሆነው እያነበቡ ነበር።

«እሷ ማንበብ አትችልም ብለው ያነበቡትን ሁሉ ይነግሩኝ ነበር፣ ጌታዬ። ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር የዛሬውን ነገ እነግርሻለሁ አሉኝ።»

«አንቺስ ትናንት ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«በአቦ? ምን እሠራለሁ። እንዝርቴን ሰቅዬ ዋልኩ። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው መርፌያቸውን በዋዜማው ደፍነዋል።»

ሰጠኝ የዳባት ሰው ነው፣ የጭነት መኪና ሾፌር። ሊማሊሞን በጨለማ ላለመውረድ ደባርቅ ባደረ ቁጥር አክስቱን ይጠይቃል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ስሰናበታቸው ሹራባቸውን እየሠሩ ነበር፣ ሃምሳ አለቃ። እጃቸው ከመርፌው አልተለየም። እናናዬ ፍም ይዛ ስትገባ በሩ ላይ ተላለፍን።»

ላቀው ሌላ አልጠየቀውም። ሦስቱንም ሟቿ ቤት ሰበሰባቸው። የጎንደሩ መኪና ደጅ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል፤ እናናዬ ከድምፁ ላይ ጆሮዋን አላነሳችም።

«ገዳዩ ማታ፣ ከሰሉ ከገባ በኋላ፣ እኚህን ሴት አልጋቸው ላይ አፈናቸው» አለ ላቀው። «ከዚያ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፣ ፈርኔሎውን አስጠጋ፣ ሹራቡን አስታቀፋቸው። እሳት ዳር ሲሠሩ ጭስ የገደላቸው እንዲመስል ነው። ታዲያ ይህን ማን ያስባል? እናናዬ ግዝቱን ታከብራለች። በአቦ ዕለት ሹራብ ብታስታቅፋቸው ሰፈሩ ሁሉ እንደሚጠረጥር ታውቃለች። እርስዎ ደግሞ፣ ጓድ ሊቀ መንበር፣ ግዝቱን ከቄሶቹ አብልጠው ያውቁታል፤ ሲዋጉት ነው የከረሙት።»

ያየህ መመስገኑን ወይም መሰደቡን መለየት አቃተው።

«ዳባት ግን ግዝቱ የለም፤ አቦ የሥራ ቀን ነው» አለ ላቀው ወደ ሰጠኝ ዞሮ።

«ረስተው ይሆናላ። አርጅተው ነበር እኮ።»

ላቀው ሹራቡን አነሳ። «ሴትዮዋ በበዓል ዋዜማ ስፌቱ እንዳይወልቅ መርፌያቸውን በቡሽ ይደፍኑታል። ይኸው፣ የሁለቱም ጫፍ እንደተደፈነ ነው። እጃቸው ከመርፌው አልተለየም ያልከው አንተ ነህ። በተደፈነ መርፌ እንዴት አድርገው ሲሠሩ አየሃቸው?»

ሰጠኝ ወደ ተዘጋው ክፍል በአገጩ አመለከተ።

«በየወሩ የዚያን ክፍል አልጋ ያነጥፋሉ» አለ። «እኔ ካቢና ውስጥ ተጣጥፌ እያደርኩ ለሌለ ሰው አንሶላ ይታጠባል። እሱ ስሙ ብቻ ነው አለነ። ያለሁት እኔ ነበርኩ።»

መኪናው ሄደ፤ ለእናናዬ በተያዘው ቦታ ሰጠኝ ተቀመጠ።

ከቀብር መልስ ለቅሶው ቤት ምንጣፍ ተነጠፈ። እዚህ ላይ የሚጋነን ነገር የለም፤ ሰው አልመጣም። ፖሊስና ቀበሌ የተመላለሱበትን ደጅ ሁሉም ፈርቶት ዋለ። ላቀው ብቅ ሲል እናናዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ወደ ቤትሽ ሂጂ እንጂ፤ ነጻ ነሽ እኮ።»

«ለቀስተኛ ቢመጣ ማን ይቀበላል?» አለች።

ላቀው በሩን አየ፣ መንገዱን አየ። ባርኔጣውን አውልቆ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«እግዜር ያጽናሽ» አላት።

ቀኑን ሙሉ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። እናናዬ ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች።