ሰይዳ ሳትወልድ

የኢልያስ ሬሳ ከመስኖው ቦይ ድልድይ ሥር ሲወጣ ውሃው ከጉልበት አያልፍም ነበር። ሰው የሚፈራው ጎርፉን ነው፤ እንዲህ ያለውን ውሃ ማን ይጠነቀቀዋል!

ኢንስፔክተር መቅደስ በማግስቱ ሐሙስ ከደብረ ሲና ወረደች። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ገና በጠዋቱ አደከማት። ወጣቱን ገበሬ ጁነይድን ጣቢያ እጁን ታስሮ አገኘችው። የሽንኩርት መደቡ ከቦዩ አጠገብ በመሆኑ፣ ተራው ሳይደርስ ውሃ ሰርቆ ሰው ገደለ ተብሏል። ከሰዓት በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው መኪና ታዟል። እናቱ ከዲጃ ከጣቢያው በር አልተነሳችም።

«ያለኝ እሱ ብቻ ነው፣ እህቴ። በአላህ ይዤሻለሁ፣ ሳታጣሪ እንዳትልኪብኝ።»

«ሳላጣራ አልፈርድም። ኢልያስ ድልድይ ሥር ምን ይሠራል?»

«ይጽፋላ! ተከራዬ ነበር። ቤቱ ሲሞቀው ወደዚያ ይወርዳል፤ ተራ በሌለ ቀን ቦዩ ደረቅ ነው። የሰይዳን ደብተርም እዚያው ድንጋይ ጭኖበት ይተወዋል።»

ሰይዳ ኢልያስ የፈጠራት፣ በየሐሙሱም በሬዲዮ የሚተርካት ልጅ ናት። ባለፈው ሐሙስ ምጥ ይዟት ከአሊዩ አምባ ዳገት ላይ ብቻዋን እንደቀረች ክፍሉ አለቀ። ኢልያስም ለጠየቀው ሁሉ «ለሐሙስ መሐረብ ያዙ» እያለ ይስቃል። ክርስቲያኑ ስለት ተሳለላት፣ ሙስሊሙ ዱዓ አደረገላት። ለሌለች ልጅ!

«ደብተሩ እዚያ እንዳለ ማን ያውቃል?»

«እኔና ልጄ። ጋሼ አየለም ቦዩን ሲጠርጉ አይተውታል።»

«ኢልያስ ትናንት የት ዋለ?»

«ካራቆሬ ሊያድር በጠዋት ወጣ፤ መኪና አጥቶ በጓሮ በኩል ተመለሰ። ከኔና ከጁነይድ ጋር ምሳ በልቶ ድልድዩ ሥር ሊተኛ ወረደ።» ከዲጃ እንባዋን በሻሿ ጠረገች።

አየለ የውሃ አባት ናቸው፤ ለሠላሳ ዓመት ውሃውን በተራ ያከፋፈሉ ሽማግሌ። መቅደስ ማንጎ ጥላ ሥር አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ሰይዳን ይሰማሉ?»

«የሴት ወሬ! ሬዲዮ ታቅፋ የምትውለው ባለቤቴ ናት። ከበቡሽ አልጋ ላይ ከዋለች ዓመት አለፋት።»

«ኢልያስን ትናንት አይተውታል?»

«በጠዋት መናኸሪያ። ‹ካራቆሬ አድራለሁ፤ እርስዎ መሐረብዎን ያዘጋጁ› ብሎኝ ሄደ። ነፍስ ይማር።»

መቅደስ እግሯን እየጎተተች ከቦዩ ራስ እስከ ድልድዩ ሄደች። በየመደቡ አፍ እየጎነበሰች ጭቃውን ነካካች። ከዚያ ከዲጃን፣ አየለን፣ ጁነይድንና እሱን ያሰረውን ሚሊሻ ማንጎው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ውሃ የሰረቀ እርሻውን ያጠጣል» አለች። «የጁነይድ መሬት ግን ተሰነጣጥቋል። የሁሉም መደብ አፍ በደረቀ ጭቃ እንደተደፈነ ነው። ትናንት ማንም አላጠጣም።»

«ለመግደል ነዋ!» አለ ሚሊሻው።

«በጉልበት ውሃ? ግንባሩን አይተኸዋል? ውሃው ሲነካው ደንግጦ ተነሳ፤ ከድልድዩ ሲሚንቶ ጋር ተጋጨና ራሱን ስቶ በፊቱ ወደቀ። ባይጋጭ ኖሮ ልብሱን ጨምቆ ይወጣ ነበር። ውሃው የተለቀቀው ለሰው አይደለም፤ ለደብተሩ ነው።»

መቅደስ በእጇ ወደ ድልድዩ አመለከተች።

«የለቀቀው ሰው ደብተሩ እዚያ እንዳለ ያውቃል። ኢልያስ እዚያ መተኛቱን ግን አያውቅም። ከዲጃና ጁነይድ አብረውት ምሳ በልተዋል። ካራቆሬ ያድራል ብሎ ያመነው አንድ ሰው ነው። ጋሼ?»

አየለ ዶማቸውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ከበቡሽ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ሰይዳ ከሞተች እኔም አለሁ አልልም አለች። ደብተሩ ቢበሰብስ እንደገና እስኪጽፈው ለምኜ አስለውጠዋለሁ ብዬ ነው። ደግሞ… አልዋሽሽም፣ ልጄ፤ እኔም ለሰይዳ ፈራሁላት። በሠላሳ ዓመት ያለ ተራው ጠብታ ለቅቄ አላውቅም።»

«ለሌለች ልጅ ሲሳሱ» አለች ከዲጃ፣ «የኔ ልጅ ታስሮ ሲያዩት ዝም አሉ?»

ገመዱ ከጁነይድ ተፈቶ አየለ እጃቸውን ዘረጉ።

«ከበቡሽን ማን ያያታል?» አሉ።

ከዲጃ የልጇን አንጓ አሻሸች። ከዚያ ወደ አየለ ቤት አቀናች። ከበቡሽ አልጋዋ ላይ ሬዲዮውን ደረቷ ላይ አድርጋ ጠበቀቻት።

«ከዲጃዬ፣ ሰዓቱ አልፎ ዘፈን ብቻ ነው የሚለው። ሰይዳ ምን ሆነች?»

ከዲጃ ጎኗ ተቀመጠችና ከሞሰቡ ቆርሳ ጠቀለለች።

«ወለደች» አለቻት። «ወንድ ነው። እሷም ደኅና ናት። በይ አሁን ጉረሺ።»