መስታወቱን ማን ዘጋው?

ነጋዴው በገዛ መኪናው ውስጥ፣ በገዛ ቤቱ በር ላይ፣ አራቱም መስታወት ተዘግቶ ሞቶ ተገኘ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። የኤሲው ማብሪያ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፤ ሞተሩ ግን ከመጠን በላይ ሞቆ ጠፍቷል።

መርማሪዋ ስትደርስ ሹፌሩ በካቴና ታስሮ የሟች ሚስት የስድብ ናዳ ታወርድበታለች። የሟች ታናሽ ወንድም ከጎኗ ሆኖ ያግዛታል። ሁለቱ ዓይንና ናጫ ነበሩ፤ ዛሬ ግን ሹፌሩን በመጥላት ተስማምተዋል።

«ገዳይ! ኤሲውን አሠራ ብሎ ስንቴ ለመነህ?»

«እትዬ፣ ዛሬም የመኪናውን ፋን ፍለጋ የላኩኝ እሳቸው ናቸው እኮ!»

«ዝም በል! በሙቀት አፍነህ ገደልከው!»

መርማሪዋ ከወንጀለኛ ይልቅ ሙቀት የምትጠላ ሴት ናት። መሐረቧ ገና ከጠዋቱ ርሷል። አለቃዋ ደግሞ ሹፌሩን ይዛ እንድትመጣ ሁለቴ ደውሏል። ይዛው ከሄደች ፋይሉ ዛሬውኑ እንደሚዘጋና ሰውዬው እስር ቤት እንደሚያረጅ ታውቃለች።

አስከሬኑን ያየው ሐኪም ወደ ጥግ ወሰዳት።

«ሙቀት አይደለም የገደለው። አፍና አፍንጫውን ታፍኖ ነው። ጥርሱ መሃል የፎጣ ክር አግኝቻለሁ።»

ይህን ለማንም ሳትናገር ወደ ሚስትየዋ ሄደች።

«ባለቤትዎ ፎጣ ይይዙ ነበር?»

«ሙቀቱ ከገባ ወዲህ እርጥብ ፎጣ ከአንገቱ ተለይቶ አያውቅም። ያለዚያ በዚህ ግም መኪና ማን ይሄዳል?»

መኪናው ውስጥ ፎጣ አልነበረም። መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች።

«እርስዎስ መጨረሻ ያዩዋቸው የት ነው?»

«መደበቅ አላውቅም። ያባታችንን ሱቅ ቆልፎብኝ ተኳርፈን ነበር። ዛሬ ራሱ እየነዳ መንገድ ላይ አገኘኝና ጫነኝ። እዚሁ በር ላይ ቆመን፣ መስታወቱን ዘግተን ስናወራ ታረቅን። እንቅልፍ ሲጥለው ትቼው ወረድኩ። ኤሲው የከዳው ከዚያ በኋላ ነው።»

«እስከዚያ ይቀዘቅዝ ነበር?»

«ብርድ ብርድ እስኪለኝ!»

አስከሬኑ ተነሥቶ፣ አሻራው ተወስዶ ሲያበቃ መርማሪዋ ራዲያተሩን ውሃ አስሞላችና መሪውን ያዘች። ሚስትየዋን ከፊት፣ ሁለቱን ወንዶች ከኋላ አስቀመጠች። ሰፈሩን አንድ ዙር ዞረች። ኤሲው እያቃሰተም ቢሆን ቀዝቃዛ አየር ነፋባቸው። ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

ገና ከመቆሟ ሚስትየዋ እጇን ሰዳ ኤሲውን አጠፋች፤ በሌላው እጇ መስታወቱን አወረደች። ሹፌሩም በካቴና የታሰሩ እጆቹን አንድ ላይ አንሥቶ የበኩሉን አወረደ። ወንድምየው ብቻ እንደተቀመጠ ቀረ።

«ማን አዘዛችሁ?»

«ምን ትእዛዝ ያስፈልገዋል!» አለች ሚስትየዋ። «ፋኑ ከተቃጠለ ወዲህ ሲሄድ ነው የሚያቀዘቅዘው። ሲቆም እሳት ነው የሚተፋው!»

«ሞተሩም ይፈላል» አለ ሹፌሩ።

«መልሳችሁ ዝጉት።»

ዘጉት። መርማሪዋ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። የነፈሰው አየር ፊት ይለበልባል። ላቧ እየተንጠባጠበ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ሟቹ የታፈኑት በራሳቸው ፎጣ ነው። እዚህ ሲቆሙ እንደ ልማዳቸው ኤሲውን አጥፍተው መስታወት አውርደዋል። ገዳዩ ግን የተኙ እንዲመስሉ ፈለገ፤ መስታወቱን ዘጋ፣ ኤሲውን መልሶ ከፈተ። ሚስትና ሹፌር ይህን አያደርጉም። እጃቸው ራሱ እንዴት እንደለመደ አሁን አይተናል። ይህን ያደረገው መኪናውን ሲሄድ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው።»

ወደ ኋላ ዞረች። አንቱታዋን ትታለች።

«ብርድ ብርድ አለኝ አላልክም? በል፣ እስኪበርድህ እንጠብቃለን።»

ወንድምየው የመስታወቱን እጀታ በሁለት እጁ አንቆ ያዘው።

«መስታወቱን ሲያወርድ እኔን የተጠየፈኝ መሰለኝ! ገማሁህ ወይ? አልኩት። ሳቀብኝ!»

ሚስትየዋ ዞራ አየችው። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ አለ።

«ባንተ አይደለም የሳቀው። ይሄ መኪና ሰው ፊት ባሳፈረው ቁጥር ይስቅ ነበር።»

መርማሪዋ የሹፌሩን ካቴና ፈታች። እሱም ነጻ የወጣ እጁን ዘርግቶ ኤሲውን አጠፋ፤ ቀጥሎም መስታወቱን አወረደ።