የሩዝ ማብሰያው ገመድ

ኡስታዝ ዘኪ ሩሳን በተጠቀለለው ምንጣፍ አጠገብ በባዶ እግራቸው ወድቀው ነበር። ቀኝ መዳፋቸው ላይ አንዲት ጠቆር ያለች ቃጠሎ ትታያለች። ከበላያቸው፣ ጠረጴዛው ላይ፣ አንድ ጎኑ የተከፈተ የብረት ሣጥን ተቀምጧል፤ በውስጡ ሰሌዳና ሽቦ ተገጥሞበታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩት ሽማግሌ የመጀመሪያ ኮምፒውተራቸውን በገዛ እጃቸው ገጣጥመው ሊያስነሱ ሲሉ ነው ሞት ያገኛቸው።

ሻምበል ረውዳ ሹዋይኪ የአፍ መሸፈኛዋን አስተካክላ፣ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ስትቃኝ ቆየች። ወደዚህ ስትመጣ በአሽረፊዬ ዳገት ላይ ከፖሊስ መኪናዋ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር አላየችም። ወረርሽኙን ለመግታት አማን ከተማ በሙሉ ተዘግታለች። የሟቹ ቤት ባለሦስት ፎቅ ነው፤ መግቢያው ግን አንድ የብረት በር ብቻ።

«ከጠዋት ጀምሮ የገባ ወይም የወጣ ሰው አለ?»

«ወፍም አልገባ» አለ የሟቹ ልጅ ጋሊብ። «ዳቦ የሚያከፋፍለው አውቶቡስ ሲመጣ እንኳ ዳቦውን የተቀበልኩት በፍርግርጉ ነው። ደግሞ ሻምበል፣ ብዙ አይድከሙ። አባቴን የገደለው ያ ገመድ ነው። ገመዱ ደግሞ የእሷ ነው።»

የጠቆመው ወደ ዊዳድ ነበር። ዊዳድ ቀደም ብሎ የሞተው የጋሊብ ወንድም ሚስት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከትንሽ ልጇ ከጁማና ጋር ምድር ቤቱ ውስጥ ትኖራለች። አሁን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላለች።

«ልጄን ይመልስልኝ» አለች ቀና ብላ። «ሌላ ምንም አልጠይቅም። ላይ ቤት ወስዶ ቆልፎባታል።»

«አያቷን ከገደለች ሴት ጋ አታድርም!»

ረውዳ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ወደ ዐቃቤ ሕጉ ደወለች። መልሱ አጭር ነበር። ፍርድ ቤቶች ዝግ ናቸው፤ የተጠረጠረውን ሰው ይዛ ትምጣ፤ ልጅቷ ቤት ውስጥ ከሚቀረው ዘመድ ጋር ትቆይ። እስከ መቼ? ፍርድ ቤት እስኪከፈት። መቼ ይከፈታል? ያን የሚያውቅ የለም። ስልኩን ስትዘጋ ዊዳድ ዓይኗን ከእሷ ላይ እንዳልነቀለች አየች። ዛሬ ስም በስህተት ከተጠራ፣ ስህተቱ እስኪታረም አንዲት ልጅ ከእናቷ ተነጥላ ትከርማለች።

መጀመሪያ የገባችው ሳሎን ነበር። የሟቹ እህት ፊርያል፣ ቴሌቪዥን ቆሞበት የነበረውን ባዶ ቦታ እያዩ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል።

«ቴሌቪዥኔን ነጠቀኝ፣ ልጄ» አሉ። «‹ፊርያል፣ ስክሪን የሚሸጥ ክፍት ሱቅ የለም፤ ለጥቂት ቀን አበድሪኝ› አለኝ። ተከታታይ ፊልሜ ሰርጉ ላይ ደርሶ ነበር። ‹ሙሽራይቱን ሳላያት ብሞት በአንተ ነው› ብዬ ተቆጣሁት። ይኸው፣ የሞተው እሱ።» እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ኮምፒውተሩ ለማን ነበር?»

«ለዊዳድ ነዋ። ትምህርት ቤቱ ‹ከቤት ሆነሽ በኮምፒውተር ካላስተማርሽ ቦታሽን ለሌላ እንሰጣለን› ብሏታል። ወንድሜ ደግሞ ግትር ነው። ከጣሪያው ክፍል ተከራያችን፣ ከነዚር፣ ዕቃውን ገዝቶ ‹እኔው እገጥመዋለሁ› አለ። ነዚር ኮምፒውተር ቤት ነው የሚሠራው። ሳል ስላለበት ግን ወደዚህ አይወርድም፤ በስልክ ነበር የሚመራው።»

«እርስዎ ንግግራቸውን ይሰሙ ነበር?»

«ጎረቤት ሁሉ ይሰማል! ጆሮው ስለከበደው ስልኩን በድምፅ ማጉያ ነው የሚያወራው። ‹ኡስታዝ፣ ምንጣፉን ይጠቅልሉ፤ ጫማዎን ያውልቁ፤ ማንኛውንም ዕቃ ከማንሳትዎ በፊት ብረቱን ይንኩ› ይለዋል ልጁ። ወንድሜ ሣጥኑን ሳይነካ አንዲት ብሎን አያነሳም ነበር። ጋሊብ እዚሁ ተቀምጦ ‹አባዬ ሣጥኑን መሳለም ጀመሩ› እያለ ሲስቅ ነበር።»

«ዊዳድም አብራችሁ ነበረች?»

«የለችም፤ እሷ ሥራ አላት። ከምሳ በኋላ ገመዱን አምጥታ በር ላይ ሰጠችውና ወረደች። እንደገና የመጣችው ሻይ ይዛ ነው። ያኔ ነው የጮኸችው።»

«ምን ብላ?»

«‹አባባ! አባባ!› ብላ። እግሬ እምቢ አለኝ። ጋሊብ ግን ከላይ እየሮጠ ወረደ፤ እድሜ ይስጠው፣ ወደ ክፍሉ ሳይገባ ነው ኮሪደሩ ላይ ያለውን ዋናውን ማጥፊያ ያወረደው። ያ ሣጥን እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርም ነበር፤ ጸጥ አለ።»

«ወደ ክፍሉ ሳይገባ?»

«ሳይገባ። ማጥፊያው ከሳሎኑ በር ፊት ለፊት አይደል? በዓይኔ አየሁት።»

ነዚር የጣሪያውን ክፍል በር ገርበብ አድርጎ፣ በመሐረብ አፉን ሸፍኖ ጠበቃት። ወጣት ነው፤ ዓይኑ ደም መስሏል።

«ዕቃውን ሸጥክላቸው፤ ገመዱን ግን አልሰጠሃቸውም። ለምን?»

«የኃይል ሣጥኑ አዲስ ነው፤ ካርቶኑ ግን ተከፍቶ ገመዱ ጠፍቷል። ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ‹የሩዝ ማብሰያ ገመድ ልክ ይገባለታል፣ ኡስታዝ› አልኳቸው። ያን ጊዜ ምላሴ በተቆረጠ።»

«ብረቱን ይንኩ ያልካቸውስ?»

«ሰው ገላ ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ አለ። ሰውን አይጎዳም፤ ሰሌዳውን ግን ያቃጥላል። ብረቱን ሲነኩት ይወጣላቸዋል። ለጀማሪ ሁሉ የምንነግረው ነው።»

«ሲያስነሱት ደወሉልህ?»

«አልደወሉም። ‹ታጥቤ ውዱእ አድርጌ፣ ሰግጄ አስነሳዋለሁ› ብለው ዘጉ። ስልኩን በእጄ ይዤ ስጠብቅ የዊዳድን ጩኸት ሰማሁ።»

ረውዳ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወርዳ የሟቹን ካቻቪቴ ከጠረጴዛው አነሳች፤ ግድግዳው ላይ የተሰካውን ስፒና ነቅላ ብሎኑን ፈታች። የብሎኑ ራስ ላይ አዲስ ጭረት ያብለጨልጫል። በውስጡ ሦስት ሽቦዎች አሉ፤ ቢጫና አረንጓዴ የሆነው የመሬት ሽቦ ግን በራሱ ቦታ አልነበረም። ተነቅሎ ኃይል ከሚያመጣው ቡናማ ሽቦ ጋር በአንድ ብሎን ታስሯል። ያን ገመድ የሰካ ሰው ሳያውቀው የብረት ሣጥኑን በሙሉ በኤሌክትሪክ ሞልቶታል ማለት ነው።

ከዚያ የተከፈተውን ሣጥን ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ምንም አልነካችም።

«የጁማና እናት፣ በዚህ ገመድ መቼ ነው ሩዝ ያበሰልሽው?» አለች ደረጃው ላይ ከዊዳድ ጎን ተቀምጣ።

«ለዛሬ ምሳ። የሩዝ መቅሉባ ሠርቼ ለሁላቸውም ላክሁ። ማብሰያው ብረት ነው፤ በእርጥብ እጄ ስነካው ነበር። ከበላን በኋላ ነቅዬ ሰጠኋቸው።»

«አባባን ስታገኚያቸው?»

«ሣጥኑን ጨብጠው ደፋ ብለው ነበር። ክንዳቸውን ስይዝ እኔንም ነዘረኝ፤ ግድግዳው ላይ ወረወረኝ፤ እሳቸውም ወደቁ። የሻይ ማንቆርቆሪያውም የት እንደወደቀ አላውቅም፤ እጄ የተቃጠለው በሻዩ ይሁን በሌላ አላውቅም።»

«ማሽኑስ?»

«ፋኑ ይዞራል፤ ትንንሽ መብራቶች በርተዋል። ስክሪኑ ጥቁር ነበር።» ፎጣውን አጥብቃ ቀጠለች። «አባባ ዓርብ ዕለት ‹መሥሪያ ቤት ሲከፈት ምድር ቤቱን በጁማና ስም አዛውረዋለሁ› ብለው ነበር። ጋሊብ ለመጋረጃ ንግዱ መጋዘን ሊያደርገው ይፈልጋል። ‹ወደ አባትሽ ቤት ሂጂ፤ ልጅቷ የእኛ ናት› ይለኛል። ወዴት እንደምሄድ ንገሪኝ፣ ሻምበል። መንገዱ ዝግ፣ ከተማው ዝግ።»

ጋሊብ የስፒናው ነገር ሲነገረው ብዙ አልደነገጠም።

«እንግዲህ አልኩ አይደል! ሆን ብላ ነው።»

«ገመዱ ከእሷ ከተወሰደ በኋላም ሊሆን ይችላል» አለች ረውዳ። «እርስዎ አባትዎ ጋ ገብተው ነበር?»

ለአፍታ አሰበ። «ገብቻለሁ። ማሽኑ ተነሥቶ ነበር! ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ መጥቶ አባቴ እንደ ልጅ ሲስቁ አየሁ። ብረቱንም ይዘውት ነበር፤ እኔም ነክቼዋለሁ፤ ማንንም አልነዘረም። ከዚያ አጥፍተው ወደ ውዱእ ሄዱ፤ እኔም ወደ ላይ ወጣሁ። ከእኔ በኋላ ወደዚያ ክፍል የገባችው እሷ ብቻ ናት። ሒሳቡን እርስዎ ይሥሩት።»

«ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ አዩ?»

«አሁን እርስዎን እንደማይዎት! ነጫጭ ጽሑፍ።»

ረውዳ አመሰገነችው።

አስከሬኑ ወደ መኝታ ክፍል ተወስዶ በነጭ ጨርቅ ከተሸፈነ በኋላ ሁሉንም ወደ ሥራ ክፍሉ ጠራቻቸው። ነዚር በሩ ላይ ቀረ። የሰዓት እላፊው ሳይረን ከከተማው ማዶ እስከ ማዶ አስተጋብቶ እስኪያልፍ ረውዳ ጠበቀች።

«ሞቱ አደጋ አይደለም» አለች። «ስፒናው ተፈትቶ ሽቦው ተዛውሯል። መቼ? ዊዳድ በዚያው ገመድ ምሳ አብስላለች፤ ሁላችሁም በልታችኋል።»

«እኔ እንዲያውም ደግሜያለሁ» አሉ ፊርያል።

«ስለዚህ ከምሳ በኋላ ነው።»

«ከምሳ በኋላ ታች ቤት ሆና ሠርታው ይሆናል!» አለ ጋሊብ።

«እሱ ሊሆን አይችልም፣ እርስዎ ራስዎ መስክረዋል። ገመዱ እዚህ ከደረሰ በኋላ ማሽኑ ተነሥቶ፣ ብረቱን ነክተው፣ ምንም አልሆንኩም ብለዋል።»

ጋሊብ ወደ ዊዳድ ዞረ። «አዎ… ያን ጊዜ ደህና ነበር። በኋላ ነው ያበላሸችው፤ አባቴ ለውዱእ ሲወጡ።»

«እንግዲያስ ነገሩ ሁሉ በዚያ ባዩት ጽሑፍ ላይ ተንጠለጠለ። እንየው።»

የመሬት ሽቦውን ወደ ቦታው መልሳ አስራው ነበር። አብሯት የመጣው ፖሊስ ዋናውን ማጥፊያ ከፍ አደረገ፤ ረውዳ ስፒናውን ሰክታ የማስነሻውን ቁልፍ ተጫነች። ፋኑ ማጉረምረም ጀመረ፤ ትንንሾቹ መብራቶች በሩ። ሁሉም ቴሌቪዥኑን አዩ። ጥቁር ነው። ጠበቁ። ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

«አባቴን ሲይዛቸው ተቃጥሎ ነዋ!» አለ ጋሊብ።

ረውዳ አጠፋችና ስፒናውን ነቀለች። ከሣጥኑ ውስጥ፣ ከወፍራሞቹ ሽቦዎች ጀርባ፣ አንዲት ትንሽ ካሬ መሰኪያ ወደ ብርሃኑ ሳበች። ፋብሪካው የጠቀለላት ቀጭን ማሰሪያ አሁንም አልተፈታም።

«ነዚር፣ ይህች የት ነው የምትገባው?»

ነዚር አንገቱን አስግጎ አየ። «ከፕሮሰሰሩ አጠገብ። ኃይል የምትሰጠው እሷ ናት። አይ ኡስታዝ… ጀማሪ ሁሉ ትልቁን ሰክቶ እሷን ይረሳታል። ፋን ይዞራል፤ ምስል ግን አይመጣም። ከሶላት በኋላ ልነግራቸው ነበር።»

«አንድ ጊዜ ተሰክታ፣ ምስል አሳይታ፣ ተመልሳ እንዲህ ልትጠቀለል ትችላለች?»

«ማን ይጠቀልላታል? የፋብሪካ ጥቅል ነው እኮ!»

ረውዳ ማሰሪያውን ፈትታ መሰኪያዋን ቦታዋ ላይ ተጫነቻት፤ ቀጭ አለች። ስፒናውን መልሳ ሰክታ እንደገና ቁልፉን ነካች። ጥቂት ዝምታ፤ አንዲት አጭር ጢጥ የምትል ድምፅ፤ ከዚያ የፊርያል ቴሌቪዥን ላይ ነጫጭ ጽሑፍ ተደረደረ።

«ይህ ማሽን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው አሁን ነው» አለች። «አቶ ጋሊብ፣ እርስዎ ያላዩትን ነው ያወሩት። ሲያጉረመርም ስለሰሙ ሌላውን ከራስዎ ሞሉት። ውሸቱ ያስፈለገዎት ሽቦው የተነካበትን ጊዜ ከእርስዎ ወደ እሷ ለማሳለፍ ነው። ሽቦውን ያዛወረው ሰው አባትዎ በባዶ እግር፣ ያለ ምንጣፍ፣ ውዱእ አድርገው በእርጥብ ገላ እንደሚመለሱና ብረቱን እንደሚነኩ ማወቅ ነበረበት። ነዚር ያውቅ ነበር፤ ከጣሪያው ግን አልወረደም። እሱ ወደዚህ ፎቅ ቢመጣ ከሳሎን በር ፊት ያልፍ ነበር። አክስትዎ አልፏል ይላሉ?»

«ዝንብም አታልፈኝ» አሉ ፊርያል። ወዲያው የተናገሩት ነገር ገባቸውና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ጋሊብ… ወንድሜ ለውዱእ ሲወጣ አንተ ብቻ ነህ ያለፍከው።»

«ዊዳድ ብታውቅ ኖሮ ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በባዶ እጇ አትይዝም ነበር። እርስዎ ግን አልነኩም። የሰሙት ‹አባባ!› የሚል ጩኸት ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ ሊወድቅ ይችላል፣ ልቡ ሊቆም ይችላል። ከላይ የሮጠ ልጅ መጀመሪያ ወደ አባቱ ነው የሚገባው። እርስዎ ክፍሉን ሳያዩ ማጥፊያውን አወረዱ። አባትዎ በምን እንደሞቱ ከማንም በፊት ማን ነገረዎት?»

ጋሊብ መስኮቱን አየ። ፍርግርግ አለው። በሩን አየ፤ ፖሊሱ ቆሟል። ከእነሱም ወዲያ ማንም የማይሄድበት ከተማ ነው።

«የመሬት መዝገብ መሥሪያ ቤቱ እሑድ ይከፈታል አሉ በዜና» አለ ቀስ ብሎ። «ወንድሜ ሞቶም ቤቱን ይካፈለኛል? ከዚህ ቤት መውጫ የሌለኝ እኮ እኔ ነኝ።»

ፊርያል ተነሥተው ፊቱ ቆሙ። ይመቱታል ተብሎ ተጠብቆ ነበር፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ዘረጉ። «የላዩን ቤት ቁልፍ» አሉ። «የልጅቷን።»

ሰጣቸው።

ዊዳድ ቁልፉን ከፊርያል ተቀብላ ደረጃውን ስትወጣ ማንም አልተከተላትም። የተቃጠለው እጇ ቁልፉን ማዞር አልቻለም፤ በግራዋ ሞከረች፤ በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ጁማና ከበሩ ጀርባ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች።

«ሲያጉረመርም ሰማሁት!» አለች ዘላ እየተነሣች። «አያቴ አስነሱት፣ አይደል?»

«ተነሥቷል።»

«ጽሑፍ መጣ?»

«መጣ።»

«እንሂድ እንጂ! አያቴ እኔን እየጠበቁ ነው።»

ዊዳድ እጇን ይዛ አስቀረቻት። በሩ ላይ፣ የደረጃው አናት ላይ ተቀመጠችና ልጇን ጭኗ ላይ ሳበቻት።

«ትንሽ ቆይ፣ የኔ እናት» አለች። «መጀመሪያ የምነግርሽ ነገር አለ።»